ጣሪያው ከበልግ በፊት ይመለስ፦ ለአባባ መታሰቢያ አዳራሽ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የእድራችን አባላት፣ በአገር ቤትም በውጭም ያላችሁ የድሬ ልጆች፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ነሐሴ 2017 ላይ የደረሰብንን ሰምታችኋል። ሌሊት ነፋስ ተነሳ፤ ዝናብ ተከተለው። ጠዋት ስንደርስ ለአባባ መታሰቢያ ከምንሠራው አዳራሽ ጣሪያ ግማሹ ወለሉ ላይ ነበር። ቆርቆሮው ጎረቤት ግቢ ድረስ ሄዷል። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። ግድግዳውም ደህና ነው። ግድግዳ ብቻውን ግን ከድሬ ፀሐይ ማንንም አያስጥልም።

እንደገና አዋጡ ማለት ለእኛም ይከብዳል። የኮሚቴ አባል ከሩቅ ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ ሰዎች አሉ። አንፈርድባቸውም፤ ኑሮው የሁላችንንም ጀርባ አጉብጧል። ዝም ብንል ግን የተሠራውም በዝናብ ያልቃል።

የአባባን ስም እዚህ አንጽፍም። እናንተ ታውቋቸዋላችሁ። ልጆቻቸውም «የአባታችን ስም የገንዘብ መለመኛ እንዳይሆን» ብለው አደራ ብለውናል። ለታናናሾቹና ሰፈራችን ላላደጉት ግን ጥቂት እንበል።

አባባ ባቡረኛ ነበሩ። አንዴ ወደ አዋሽ፣ አንዴ ወደ ጅቡቲ ሲሉ ነው ጉልበታቸው ያለቀው። በዚህ መሀል ሰባት ልጆች አሳደጉ። ከሳምንቱ ግማሹን መንገድ ላይ ነበሩ፤ ከልጆቻቸው አንዱም ግን «አባት አጥቼ አደግሁ» ሲል ሰምተን አናውቅም። ባዶ እጃቸውን አይመጡማ። ከኤረር ብርቱካን፣ ከአይሻ የግመል ወተት፣ ከጅቡቲ ተምር። (ከጅቡቲ ሌላም ነገር ይመጣ ነበር። እሱን ጉምሩክና አባባ ያውቃሉ።) ብርቱካኑ ሲከፋፈል ግቢው ውስጥ የተገኘ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ይቆጠራል። ከእኛ ከኮሚቴው ውስጥ በዚያ ብርቱካን ያደግን አለን።

በሙቀቱ ወራት ማታ ግቢውን ውሃ ያርከፈክፉበታል። ታጣፊ አልጋዎቹ ይወጣሉ። ልጆቹ በተርታ ይተኛሉ፤ አባባ በሩ በኩል ዳር ላይ። ከዚያ የጣቢያዎቹን ስም ያስጠሯቸዋል፦ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ። አዋሽ ሳይደረስ ግማሹ ልጅ እንቅልፍ ወስዶታል። የልጅ ልጆቻቸው ሲደርሱ የድሮው ባቡር ተዳክሞ ቆሞ ነበር። እነሱም ቢሆኑ ጣቢያዎቹን በቃላቸው ይወርዷቸዋል።

በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦርነት ድሬ ደጃፍ ሲደርስ ልጆቹን ወደ ዘመድ ላኩ። እማማንም ሊልኩ ነበር። እማማ «እኔ ከሄድኩ ለእሱ ማን ሻይ ያፈላለታል?» ብለው አልሄድም አሉ። ይህን እሳቸው ራሳቸው እየሳቁ ይተርካሉ። እማማ አሁንም አሉልን፤ ዕድሜ ይስጥልን።

አባባ ጡረታ ሲወጡ የእድሩ ዕቃ ያዥ ሆኑ። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ፣ ሰሃኑ በእሳቸው እጅ ነበር። አንድ ማንኪያ ጎደለ ብለው ለቅሶ ቤት ተመልሰው የሄዱ ሰው ናቸው። ነውር ነው ብንላቸው «የራሴ ቢሆን እተወው ነበር» አሉን። ዕቃ ከለቅሶ ሲመለስ የልጅ ልጆቻቸውን አሰልፈው ያሳጥባሉ፣ ያስቆጥራሉ። ዛሬ የእድሩን ሂሳብ በኮምፒውተር የምትይዝልን ልጅ ያኔ ሰሃን ትቆጥር የነበረች የልጅ ልጃቸው ናት። «ዘመድ አስገባችሁ» ለምትሉን፣ የተመረጠችው በጠቅላላ ጉባኤ ነው። ደሞዝም የላትም።

የ1998ቱን ጎርፍ ማንም አይረሳውም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን መታ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የአባባ ሁለተኛ ልጅ ቤቷ ወንዙ ዳር ነበር። እሷንና ሁለት ሕፃናቷን በጨለማ ፈልገው አገኙ፤ ቤታቸው አስገቡ። ሳይነጋ የእድሩን ዕቃ ቤት ከፈቱ። ያን ሰሞን ድንኳኖቻችን ሁሉ ውጭ አደሩ። የማን እድር ነህ፣ የማን አፎሻ (የሙስሊም ጎረቤቶቻችን እድር) ነህ ያለ አልነበረም። አባባ ሲያርፉ ደግሞ የአፎሻ ጎረቤቶቻችን ናቸው ቀድመው ሰሌን ያነጠፉት።

ጥር 2016 ነው ያረፉት። ልጆቻቸው ለተዝካር ያሰቡትን ገንዘብ ለእድሩ ሰጡ። ሐውልት ይቅር፣ ከፊት ለቅሶ የምንቀመጥበት አዳራሽ፣ ከኋላ ልጆች የሚያጠኑበት ክፍል ይሠራ አሉ። እማማ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። የንስሐ አባታቸው ጸሎቱ እንዳይቀር አደረጉ፤ ድግሱ ብቻ ቀረ። የጥናት ክፍሉን ያሰቡት የልጅ ልጆቹ ናቸው። አባባ ማታ ማታ ደብተር ሳያዩ አያስተኟቸውም ነበር፤ ቤት ስትጠብ የሰፈሩ ልጅ እሳቸው በር ላይ መብራት ሥር ነበር የሚያጠናው።

ያለ ሥራ አልተቀመጥንም። መሠረቱ ወጥቷል። ግድግዳው በብሎኬት ቆሟል። ወለሉ ተልስኗል። ውሃ ገብቷል፤ መጸዳጃ ቤቱ አልቋል። ዕቃ ቤቱ ጣሪያው ለብቻ ስለሆነ አልተነካም፤ የአባባ ማንኪያዎችም አልጎደሉም።

«ብሩ የት ገባ?» ለሚሉን መልስ አለን። ግምቱ የተሠራው ሰኔ 2016 ነው። ሐምሌ 22 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ገባ። ቆርቆሮው እዚህ ቢሠራም ጥሬው ከውጭ ነው የሚመጣው። ብረቱም ያው ነው። ለብረት ትራስ (ቆርቆሮውን ለሚሸከመው የጣሪያ አጥንት) የያዝነው ገንዘብ ቆርቆሮውን ብቻ ገዛ። ስለዚህ ጣሪያው በባህር ዛፍ ይቁም ተባለ። ይህን ኮሚቴው ብቻውን አልወሰነም፤ እጅ አውጥታችሁ ነው። ቃለ ጉባኤው አለ፣ ፊርማችሁም አለበት። እንጨቱ የምስጥ መድኃኒት የተቀባ ነው ተብሎ ተሸጠልን። ሲወድቅ ውስጡን ምስጥ በልቶታል። ከሻጩ ጋር እየተነጋገርን ነው፤ ስሙን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። ለኮሚቴ አበል አንድ ሳንቲም አልወጣም። ስብሰባ ላይ የጠጣነው ሻይ እንኳ ከየኪሳችን ነው።

አሁን እንጨት አናስገባም። የብረት ትራስ፣ ወፍራሙን 28 ጌጅ ቆርቆሮና ኮርኒስ ነው የምንፈልገው። ቀጭኑ ቆርቆሮ ለአሁኑ ይረክሳል፤ ሙቀቱንና ነፋሱን ግን አይችልም። የሰፈራችን ልጅ የሆነ መሐንዲስ በነፃ ለክቶ ግምቱን ሠርቶልናል፦ 680 ሺህ ብር። በባንክ ያለን 215 ሺህ ነው። 310 አባላት አንድ አንድ ሺህ ብር ብናዋጣ 155 ሺህ ይቀራል። ይህን በውጭ ካላችሁ ልጆቻችን እንጠብቃለን፤ ሌላ የምንጠብቀው የለም። አንድ ሺህ የሚከብደው የቻለውን ይስጥ። እሱም ከሌለው ቅዳሜ ቅዳሜ የወደቀውን እንጨት ለማንሳት ይምጣ። አሥር ቆርቆሮ አምጥቶ የጣለልን ጎረቤት አለ፤ እንዲህም ይቻላል።

አባትህንና እናትህን አክብር ይላል መጽሐፉ። ሙስሊም ወንድሞቻችን ደግሞ ሰደቀቱል ጃሪያ የምትሉት ይኸው ነው፤ ሰው ሲጠቀምበት የሚኖር ምጽዋት። አዳራሹ የሁላችን ነው። ነገ የማናችን ለቅሶ እንደሚቀመጥበት አናውቅም።

አሁን አጥብቃችሁ አንብቡ። ገንዘብ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በእድሩ ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በእድር ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ፤ በእድሩ ቢሮ በር ላይም ተለጥፏል። እዚህ ያልጻፍነው ቁጥር ቀይሮ የሚያሰራጭ ሰው ስላጋጠመን ነው። በሰው ስም ያለ ቴሌብር የለንም። «የኮሚቴው ነኝ» ብሎ የግል ቁጥር የላከላችሁ ካለ እንዳትልኩ። ከባንኩ ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ የዳኛው፣ የጸሐፊውና የገንዘብ ያዡ። ደግመን እንላለን፦ በእድሩ ስም፣ ንግድ ባንክ፣ ሌላ የለም።

ስታስገቡ የማዘዣው ማስታወሻ ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። ከወርሃዊ መዋጮ ጋር እየተቀላቀለ አስቸግሮናል። ውጭ ያላችሁም በባንክ ላኩ፤ ሰው ይዞልኝ ይሂድ አትበሉ። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የምትመጡ ደግሞ ድሬ ስትገቡ ጎራ በሉና አዳራሹን በዓይናችሁ እዩት። ቃለ ጉባኤውንም፣ ደረሰኙንም፣ ምስጥ የበላውን እንጨትም እናሳያችኋለን።

ማስገቢያው እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ነው። ጥር ላይ ብረቱን ካልገዛን የበልግ ዝናብ ይቀድመናል። በጥር የአባባ ሁለተኛ ሙት ዓመት ላይ ገቢና ወጪው ለጉባኤው ይነበባል፤ የሰጠው ሁሉ ስሙ ይጠራል፣ እንዳይጠራ የሚፈልግ ቀድሞ ይንገረን። ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ። ደረሰኝ የከለከላችሁ ካለ፣ ከእኛም ከኮሚቴው ቢሆን፣ ለእድሩ ኦዲተር ንገሩ። የባንኩ ቁጥር ከደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
የአዳራሹ አሠሪ ኮሚቴ
ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.