ብርቱካናማውን ስኳር ድንች አትለፉት

ውድ አዘጋጆች፣

ስለ ዘይትና ስለ ጤፍ ዋጋ ብዙ ትጽፋላችሁ፤ እስቲ ስለ ስኳር ድንችም በሉ። እኔ ወላይታ ነው ያደግሁት፣ ነጩን እየበላን። ሆድ ይይዛል። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቤታ ካሮቲን ስላለው ለልጆች ዓይንና በሽታን ለመቋቋም አቅማቸው ትልቅ ነገር ነው። ያስፋፉት ተመራማሪዎች እኮ በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ወስደዋል!

አሠራሩ ቀላል ነው። ከነልጣጩ በትንሽ ውሃ ከድናችሁ ቀቅሉት፣ ሲበስል ላጡት። ለሕፃን ከሆነ በወተት አላቁጡና ትንሽ ቅቤ ጣል አድርጉበት፤ ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። እኛ ቤት በቅቤና በሚጥሚጣ እንበላዋለን። ቅጠሉንም አትጣሉት፣ እንደ ጎመን ይሠራል።

ነጋዴዎች፣ እባካችሁ ብርቱካናማውንም አምጡልን።