"ዘራችን ጠንካራ ነው" ላለኝ ወንድሜ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሳንባ ካንሰርና ስለ ዘር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ወንድሜም አንብቦታል። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ሲመለስ ኮምቦልቻ እኔ ቤት ያድራል። "አየሽ እታለም፣ የሳንባ ካንሰር በዘር ነው። አያታችን አባባ ዘጠና ዓመት እስኪያልፋቸው አጭሰው ምን ሆኑ? ዘራችን ጠንካራ ነው" አለኝና ሲጋራውን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣ። ቤት ውስጥ አላስጨስም፤ ታላቅነቴ እዚያ ድረስ ነው።

የባዮሎጂ መምህርት ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። (ዘር ስል የፖለቲካውን አይደለም።)

በመጀመሪያ ነገር ከአያታችን የወረስነው ሩቡን ያህል ነው። የቀረው የሌሎቹ ነው። ደግሞ አባባ በቀን ሁለት ፍሬ ነበር የሚያጨሱት፣ አንዱን ከምሳ በኋላ፣ አንዱን ማታ። ወንድሜ የሐረጎን ዳገት እስኪወጣ ብቻ ሁለት ፍሬ ይጨርሳል።

ጽሑፋችሁ የዘለለውም ይህንን ነው። በ2000 ዓ.ም. ሦስት የተመራማሪ ቡድኖች በአንድ ሰሞን 15ኛው ክሮሞሶም (ጂኖችን የሚሸከመው የሴል ክፍል) ላይ ከሳንባ ካንሰር ጋር የተያያዘ አንድ ቦታ አገኙ። እዚያ ያሉት ጂኖች ኒኮቲን የሚያርፍበትን የሴል ተቀባይ የሚሠሩ ናቸው። ከአንድ ወላጁ የእነዚህን ጂኖች የተለየ ቅጂ የወረሰ አጫሽ ለሳንባ ካንሰር ያለው ተጋላጭነት፣ ቅጂው ከሌለው አጫሽ ይልቅ 30 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከሁለቱም ለወረሰ ደግሞ ጭማሪው እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። ይኸው ቅጂ ያለው ሰው አንዴ ማጨስ ከጀመረ በቀን ብዙ ፍሬ ያጨሳል፣ ማቆሙም ይከብደዋል። ስለዚህ "በዘር ነው" ሲለኝ፣ ምናልባት የወረሰው የአባባን ሳንባ ሳይሆን የማይጠግበውን ሱስ ቢሆንስ? ሲጋራው ራሱ ደግሞ አደጋውን ከማያጨስ ሰው ከ15 እስከ 30 እጥፍ ያደርሰዋል። ከዚህ አጠገብ 30 በመቶ ምን አላት?

ሌላም አለ። ኢጂኤፍአር በሚባለው፣ የሴልን እድገት በሚመራ ጂን ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ከተወረሰው ጋር ደባልቃችሁታል። እሱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ዕጢው ውስጥ የሚፈጠር ነው፤ ከእናት ከአባት አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ሲጋራ ነክተው በማያውቁ ሰዎች ዕጢ ላይ ነው። ይቺን ብታርሙ ጥሩ ነው።

ወንድሜ በሚቀጥለው ሳምንት በባቲ በኩል ይመለሳል። ከዚያ በፊት ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። እኔ ብነግረው አይሰማኝም፤ ስልኩ ላይ ያነበበውን ግን ያምናል።

መምህርቷ፣ ከኮምቦልቻ