ደብዳቤ ለልጄ፦ ከሥሩ ሳታዪ እንዳትከፍዪ

ለውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ ምላሷ ግን ከትናንት ጀምሮ አላረፈም። «ልጅህ ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ ከእኔና ከአንተ የሚበልጥ አሮጌ መኪና ልትገዛ ነው፤ ዛሬውኑ ጻፍና ከልክላት» ብላ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ አስቀምጣለች። ወሬውን ያደረሰችው አክስትሽ ናት፤ ፎቶግራፉንም ልካልናለች። ስለዚህ ተቆጥቼ እንደምጽፍ እወቂልኝ።

ፎቶግራፉን አየሁት። ቡይክ ሮድማስተር፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያውና የጎኑ ታች ነጭ፣ የቀረው ሰማያዊ። ሁለቱን ቀለም የሚለየውን የክሮም መስመር አስተውለሽዋል? ከፊት ፓራፋንጎው ተነሥቶ በሩ ላይ ቁልቁል ይወርድና፣ የኋላው ጎማ ዘንድ ሲደርስ ቀና ብሎ ጎማውን ከብቦ ያልፋል። ቀለሙ የት እንደሚያበቃ የወሰነው ቀቢው ሳይሆን ያ መስመር ነው፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። መስታወቶቹ ሁሉ ሲወርዱ በጎኑ መካከል ምሰሶ የለም። በየፓራፋንጎው ላይ አራት አራት ቀዳዳ አለ፤ ርካሹ ቡይክ ሦስት ብቻ ነበረው። ጎረቤት የጎረቤቱን አቅም ከመንገድ ማዶ ሆኖ ይቆጥር ነበር ማለት ነው! አዲስ ሳለ ከ3,400 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥሩ ሼቭሮሌ በ2,000 ዶላር አካባቢ ይገኝ ነበር።

ቁጣዬን አልረሳሁትም። ከሥሩ ሳታዪ እንዳትከፍዪ። ያለሽው ሚሺጋን ነው። ቡይክ እዚያው ፍሊንት ከተማ ይሠራ ስለነበር እዚያው የቀረ መኪና መኖሩ አያስገርምም፤ ነገር ግን በክረምት መንገዱ ሁሉ ጨው ይበተንበታል። ዲትሮይት ራሷ የተቀመጠችው በጨው ማዕድን ላይ ነው። ጨው ላሜራን የሚበላው ከታች ጀምሮ ነው፤ ከላይ የሚያብረቀርቀው ቀለም ስለዚያ ምንም አይነግርሽም። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከበሩ ሥርና ከኋላ ጎማዎቹ ዙሪያ አስጠጊ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን የተበላውን የሸፈነ ስቱኮ ነው። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ደግሞ እንዳትገቢ፤ ጋራዥ ይወሰድና በሊፍት ይነሣልሽ። ሻጩ ጊዜ የለኝም ካለሽ፣ አንቺም ገንዘብ የለሽም።

ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ስሠራ፣ አንቺ ሳትወለጂ፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንኑ መኪና ይዘው ይመጡ ነበር፤ የእርሳቸው አረንጓዴና ነጭ ነው። ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። አንድ ቀን ግን ቁልፉን ሰጡኝ። አዞርሁት፤ ዝም። ደግሜ አዞርሁት፤ ዝም። እርሳቸው ይስቃሉ። «ነዳጁን እርገጠው» አሉኝ። ለካ የዚያ ዘመን ቡይክ ቁልፉ ከዞረ በኋላ የሚነሣው የነዳጁ ፔዳል ሲረገጥ ኖሯል! ስምንቱ ሲሊንደር ተነሣ፤ 236 የፈረስ ጉልበት፣ ድምፁ ግን ዝግ ያለ። ማርሽ ሲለወጥ አይሰማም፤ ሁለት ቶን የሚጠጋ ብረት ሳይቸኩል ይሄዳል።

አባታቸው የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሁለት ዓመት ከተነዳ በኋላ ነው የገዙት። ጥቁር በመሆናቸው በወደዱት ሰፈር ቤት መግዛት አይችሉም ነበር። ወደ አሜሪካ ደቡብ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ሆቴሉ አያሳድራቸውም፣ ምግብ ቤቱ አያስተናግዳቸውም፤ ሕጉ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ምግባቸውን ቋጥረው፣ ልጆቹ የኋላው ወንበር ላይ ተኝተው፣ አባት ሌሊቱን ሲነዱ ያነጋሉ። «ሰው በቅንጦት ይስቅብን ነበር፤ እኛ ግን መንገድ ላይ የማይበላሽ ነገር ፈልገን ነው» ይሉኝ ነበር። ቅንጦቱንም ቢሆን አልጠሉትም፤ ክሮሙን በመሐረባቸው ሲወለውሉ አይቻለሁ።

በመጨረሻ ዐይናቸው ሲደክም ለእኔ ሊሸጡልኝ ፈለጉ፤ ከገበያው ዋጋ በታች። ገንዘቡ ነበረኝ፤ ለቤቱ ቅድመ ክፍያ ያስቀመጥነው። እናትሽ አንቺን ነፍሰ ጡር ነበረች። ቤቱን ገዛን፤ ደግ አደረግን፤ አንቺም አደግሽበት። መኪናው ግን በሌላ ሰው እጅ ሲወጣ በር ከፋቹ እኔ ነበርሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለእናትሽ ነግሬያት አላውቅም።

ፍሬኑን ስሚኝ። የዚያ መኪና የፍሬን መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አንዷ ጎማ ዘንድ ዘይቱ ቢፈስ አራቱም አይዙም። ከመንዳትሽ በፊት የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸው የላስቲክ ቱቦዎች ሁሉ ይቀየሩ፣ ታምቡሮቹ ተከፍተው ሸራቸው ይታይ። የደኅንነት ቀበቶ ይገጠምለት። አንቺ ሌሊት ሠርተሽ ደክሞሽ የምትመለሺ ልጅ ነሽ፤ ወደ ሥራ በቶዮታሽ ሂጂ፤ በረዶ ሲጥል ቡይኩ ከቤት አይወጣም። እየበላሽ ነው? አክስትሽ ከስተሻል ትላለች።

ከሥሩ ሳታዪ እንዳትከፍዪ አልሁሽ። ሊፍት ላይ ሲወጣ ፎቶግራፍ አንሥተሽ በእኔ ስልክ ላኪልኝ፤ በእናትሽ ስልክ እንዳይሆን። ለእርሷ አባቴ ክፉኛ ተቆጥቷል በያት።

አባትሽ