ለአማካሪያችንና በቃጠሎው ወቅት ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለወረዳችን የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ለሰፈራችን ነዋሪዎች፣ ለደንበኞቻችንና ለወዳጆቻችን በሙሉ፤

ከሁሉ አስቀድሞ በርበሬ የምናዘጋጅበት ሼዳችን (የማምረቻ ቦታችን) ከተቃጠለበት ከዚያ ሌሊት የሰው ሕይወት ሳይጠፋ ላወጣን ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። እኔ በአዲስ አበባ ከተማ በባልትና ሥራ የተደራጀ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ስሆን፣ ይህን መልእክት በአባላቱ ሁሉ ስም የምጽፈው ወፍጯችን እንደገና ሥራ በጀመረበት ሳምንት ነው። ስለ ቃጠሎው የምጨምረው የለኝም፤ ያየ አይቷል፣ ያላየም ሰምቷል። የበርበሬው ጭስ ሰፈሩን ሙሉ ሲያስልና ሲያስነጥስ ማደሩን ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ ባልዲ ይዘው ቀድመው የደረሱልን እነዚያው በእኛ ጭስ ዓይናቸው የተቃጠለ ጎረቤቶቻችን ናቸውና።

የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሠራተኞች፣ የሼድ ጎረቤቶቻችን የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ማኅበራት፣ የሰፈራችን ዕድር አባላት፣ ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ያወጣችሁ ወጣቶች፣ ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ልናገርላት ወደምፈልጋት ሰው ልሂድ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ አጥብቃ ስለለመነችኝ አማካሪያችን እያልኩ እቀጥላለሁ። በወረዳችን ጣቢያ የምትሠራ ባለሙያ ናት። በዕድሜ ከመጀመሪያ ልጄ ስለምታንስ አንቱ ማለት ሲገባኝ አንቺ እያልኳት ቆይቻለሁ፤ እርሷ እንደማትቀየመኝ አውቃለሁ፣ አንባቢም ይቅር ይበለኝ።

ወደዚያ ጣቢያ መጀመሪያ የሄድነው እንደ ብዙው ሰው ሼድና ብድር ፍለጋ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ውስጥ እነዚህ ጣቢያዎች የታሰቡት መደራጀትን፣ ንግድ ፈቃድን፣ ብድርን፣ ማምረቻ ቦታን፣ የገበያ ትስስርንና የምክር አገልግሎትን ባለጉዳዩ ሳይንከራተት በአንድ ቦታ እንዲያገኝ ነው፤ ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው ግን ብድሩንና ሼዱን ነው፣ ምክር ልጠይቅ ብሎ የሚሰለፍ አላየሁም። እኛም ቅጻችንን ሞልተን ልንወጣ ስንነሣ ነበር እርሷ፦ «አንድ ኪሎ በርበሬ በስንት ትሸጣላችሁ? ለእናንተስ በስንት ይወጣል?» ብላ ያስቀመጠችን። የመጀመሪያውን ጥያቄ በአንድ አፍ መለስን። ለሁለተኛው አምስታችን አምስት ዓይነት መልስ ሰጠን። እርሷ አልሳቀችም፤ ቀጠሮ ይዛ ሼዳችን ድረስ መጣች።

ያን ቀን ያደረገችውን ለሥራ ባልደረቦቼ ብዬ በዝርዝር እጽፋለሁ። አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ፣ የማረቆ ዛላ በርበሬ አስመዘነችና እንደ ወትሯችሁ ሥሩ አለችን። ቀነጠስን፣ የሻገተውን ለየን፣ አጠብን፣ አሰጣን። ቅንጣሹን ጠርገን ልንደፋ ስንል ከለከለችንና በፌስታል ሰበሰበችው፤ በርበሬው በሚገባ ሲደርቅም ተመልሳ መጥታ ቅንጣሹንና ብልሹውን ለብቻ፣ ንጹሑን ለብቻ መዘነችው። ከአንዱ ፈረሱላ ከሦስት ኪሎ በላይ ወፍጮ ቤት ሳይደርስ ጎድሏል። በባልትና ሥራ ያለን ሴቶች አብዛኞቻችን ዋጋ የምናወጣው የጎረቤት ሱቅ የሚሸጥበትን አይተን ስለሆነ፣ ይህ ጎደሎ የማናችንም ሒሳብ ውስጥ ኖሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያም ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና በሶብላውን አንድ በአንድ እየመዘነች፣ የወፍጮውን፣ የትራንስፖርቱንና የማሸጊያውን እየደመረች ሰንጠረዡን ስትጨርስ በመጨረሻው ረድፍ ላይ ባዶ ቦታ ትታ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠችኝ። «የእናንተ ጉልበትስ የት ገባ?» አለችኝ። ከዚያ ወር ጀምሮ እያንዳንዳችን ደመወዝተኛ ሆንን፤ ለልጅ ደብተርም ሆነ ለቤት ዘይት ከሽያጭ ሣጥን ብር ማንሣት ቀረ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዕድገት ሁሉ ከዚያ ሰንጠረዥ የተወለደ ነው ብል አላጋነንኩም። ትርፋችንን ስላወቅን መቆጠብ ቻልን፤ የዋጋውን ሃያ በመቶ ቀድመን በመቆጠባችን የራሳችንን ወፍጮ በካፒታል ዕቃ ሊዝ፣ ማለትም በማሽኑ እየሠሩ ቀሪ ዋጋውን ቀስ በቀስ በሚከፍሉበት ውል፣ አገኘን። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ምርታችንን ለመውሰድ የምርት ቀን፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀንና የተጣራ ክብደት ያለበት መለያ ሲጠይቀን፣ የእኛ አማካሪ ከምሳ ሰዓቷ ቀንሳ ከማተሚያ ቤቱ ሰው ጋር ተከራክራልናለች። ሲጀመር አምስት የነበርን ሴቶች ቃጠሎው በደረሰበት ወቅት ከተቀጣሪዎቻችን ጋር አሥራ አንድ ሆነን ነበር፤ በስትራቴጂው አመዳደብ እስከ 5 ሰው የሚያሠራው ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራው አነስተኛ ስለሚባል፣ በሰው ብዛት ከጥቃቅን ወደ አነስተኛ ተሻግረናል ማለት ነው። ሽግግሩን ስትነግረን ከእኛ ይልቅ የተደሰተችው እርሷ ነበረች።

በዚህ መሐል ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ አሠልጣኞች ያለንን ምስጋና ላስገባ። ሥራን በትንንሽ ለውጥ ሳያቋርጡ የማሻሻያውን የጃፓን ዘዴ፣ ካይዘንን፣ ሲያስተምሩን የሥራ ቦታ ከሚደራጅባቸው አምስት እርምጃዎች፣ ከአምስቱ ማዎች፣ የመጀመሪያውን፣ ማጣራትን (የማያስፈልገውን ለይቶ ማስወገድን)፣ ብቻ ሠርተን ሼዳችን የሰፋ መሰለን። ጆንያዎቹን ከመሬት አንሥተን ከግድግዳም አርቀን በእንጨት ርብራብ ላይ እንድንደረድር ያደረጉን እነርሱ ናቸው፤ እርጥበት የነካው በርበሬ እንደሚሻግት፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ እንደሚያመጣ ያወቅነው ከእነርሱ ነው። ተባረኩ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝና ላቋርጥ። ለበዓል አንድ ኪሎ በርበሬና ግማሽ ኪሎ ሚጥሚጣ ይዘን ቢሮዋ ሄድን። የመንግሥት ሠራተኛ መሆኗን አስታውሳን አልቀበልም አለች። ስናዝን ጊዜ ቦርሳዋን ከፍታ ሙሉ ዋጋውን ከፈለችን፤ ይህም አልበቃት ብሎ ደረሰኝ ካልቆረጣችሁልኝ አልወስድም ብላ እዚያው አስቆረጠችን። እንዲህ ዓይነት ሰው በዘመናችን አለ ወይ ለምትሉ፣ አለ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። አማካሪያችን ከጅምሩ አንድ ግትር ልማድ ነበራት፤ በየወሩ መጨረሻ የገቢና ወጪ መዝገባችንን ማጠቃለያ ኮፒ አድርገን አንዱን ለእኛ ይዘን ሌላውን በጣቢያው ፋይላችን ውስጥ እንድናስቀምጥ ታስገድደን ነበር። ለቁጥጥር መስሎን ከመካከላችን ያጉረመረመ ነበር፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ትስቃለች። በዚያ ሌሊት መዝገቡም፣ ደረሰኙም፣ የሊዝ ውሉም ከጆንያው ጋር ዐመድ ሆነ። ጠዋት ስትመጣ አቅፋን አብራን አለቀሰች፤ ከዚያ ብሎኬት ላይ ተቀምጣ ደብተሯን አወጣችና «እናንተ አልቅሱ፣ እኔ ልመዝግብ» አለችን። ወፍጮ፣ ማሸጊያ ማሽን፣ ሚዛን፣ ጆንያ፣ ርብራብ፤ የተረፈውን በአንድ በኩል፣ የጠፋውን በሌላ በኩል ስታሰፍር ዋለች። የክምችቱን መጠን ሰው በግምት ሲነግራት ግምቱን ጽፋ ከጎኑ በፋይሉ ካለው ያለፈው ወር ማጠቃለያ ጋር ይመሳከር ብላ ምልክት ታደርግበት ነበር።

አበዳሪዎቻችን የጠየቁን ልክ ያንን ነው። ምን ያህል ትሠሩ ነበር፣ ምን ያህል ታተርፉ ነበር፣ ከፍላችሁ የምትጨርሱት በምን አቅማችሁ ነው ሲሉን፣ እኛ ከእንባ በቀር የምናቀርበው ባልነበረን ሰዓት እርሷ ከጣቢያው መደርደሪያ የወር ማጠቃለያዎቻችንን ቅጂ በሙሉ አውጥታ፣ የወፍጮውን የርክክብ ሰነድ ጨምራ፣ ደብዳቤ አርቅቃ አብራን ሄደች። የመክፈያ ጊዜያችን ተራዘመ፤ ሥራ ለመቀጠል የሚበቃ የሥራ ማስኬጃ ብድርም ተፈቀደልን። ብዙ ሰው መንግሥት ወይም በጎ አድራጊ በነጻ ገንዘብ የሰጠን እየመሰለው ይጠይቀናል። ማንም በነጻ የሰጠን ገንዘብ የለም፤ የተሰጠን ብድር ነው፣ ብድሩንም ያስገኘልን ያ ፋይል ነው። ዛሬ የእሳት መድን ገብተናል፤ ዓረቦኑም በአማካሪያችን ትእዛዝ ከአንዱ ኪሎ ዋጋ ውስጥ ተሰልቷል።

እግረ መንገዴን ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች አንድ ቃል ልበል። ሁሉም ጣቢያ እንዲህ ይሠራል አልልም፤ ባለጉዳይ ነገ ተመለሱ እየተባለ የሚመላለስበትም እንዳለ ከሥራ ጓደኞቼ እሰማለሁ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን አንዲት ባለሙያ ለቁጥር የሚያታክቱ ማኅበራት ተሰጥተዋት፣ ከሼድ ሼድ በእግሯና በገዛ የታክሲ ገንዘቧ ስትዞር ነው። ባለሙያ ማኅበራቱን ለይቶ ሲያውቅ ወደ ሌላ ወረዳ ባይዛወር፣ ለመስክ ሥራውም የመጓጓዣ አበል ቢታሰብለት፣ ብድሩ ራሱ በተሻለ ሁኔታ ይመለስ ነበር የሚል እምነት አለኝ። ለእርሷ የምለምንላት ሹመት አይደለም፤ ሹመት ከሰጣችኋት ቢሮ ውስጥ ቀርታ እናጣታለን።

የዕቁብ ጓደኞቻችን ተራችን ሳይደርስ ዕጣውን ለእኛ ለቃችሁልናል፤ ይህ በእኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ የማይጠበቅ ነገር ነው። የእሁድ ገበያ ደንበኞቻችን ምርት ባልነበረን ጊዜ ሁሉ ከሌላ ሳትገዙ ጠብቃችሁናል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ጸሎትና ዱዓ ያደረጋችሁልን፣ ከውጭ አገር ደውላችሁ ያጽናናችሁን፣ ልጆቻችንን ያዋላችሁልን፣ ቡና አፍልታችሁ ያመጣችሁልን፣ የስልክ ካርድ ሞልታችሁ የላካችሁልን፣ የሁላችሁንም ስም መዘርዘር አልቻልኩም። ስሙ ያልተጠቀሰ ካለ ተረሳሁ ብሎ እንዳይቀየም እለምናለሁ። በዚያ ሰሞን ማን ገብቶ ማን እንደወጣ በውል የማላስታውስበት ቀን አለ፤ አባላቱም ዝርዝር ለመሥራት ተቀምጠው አንዷ የጠራችውን ሌላዋ እያረመች ሳይስማሙ ተነሥተዋል።

በመጨረሻ፣ ሥራ እስክንጀምር ድረስ ወንፊት፣ ሰፌድ፣ ብረት ምጣድና ትልልቅ ድስት ያዋሳችሁን እናቶችና እኅቶች ዕቃችሁ ታጥቦ በጊዜያዊው ሼዳችን ተቀምጧል። አብዛኛው ምልክት ስለሌለው የማን እንደሆነ መለየት አልቻልንም፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሥራ ሰዓት እየመጣችሁ የየራሳችሁን እንድትወስዱ በትሕትና እንጠይቃለን። ለአማካሪያችንም መልእክት አለን፦ የዚህ ወር ማጠቃለያ ኮፒ ተደርጎ ተዘጋጅቷል፣ ሐሙስ ጠዋት ይዘን እንመጣለን።

ከታላቅ አክብሮትና ምስጋና ጋር፣
የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ በአባላቱ ሁሉ ስም