የኖራው ግድግዳ

ስቶክሆልም፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ እግሯን ተሻላት? ሚጣስ? እኔም ባለቤቴም ልጃችንም ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጎንደር ከተመለስሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። በስልክ ብዙ ተጫውተናል፤ ነገር ግን አሁን የማነሣው ጉዳይ መስመሩ መሃል ላይ ተቆርጦ ግማሹ እንዲቀር ስላልፈለግሁ በደብዳቤ ማድረጉን መርጫለሁ።

ጉዳዩ የቤታችን ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የፊት ለፊቱና የውስጡ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰን ብዬ ገንዘብ የላክሁት እኔ ነኝ። የላክሽልኝ ፎቶ ላይ የአባባ ኖራ ተልጦ ሳየው፣ ውጭ አገር ልጅ ያለው ቤተሰብ ቤት እንዲህ መታየት የለበትም ብዬ አፍሬ ነበር። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ግድግዳው ከሥሩ እርጥበት ይስብ፣ እንደ ዱቄት የነጣ ነገር ያወጣ ጀመር፤ ፍራሹም ሻገተ፤ በ2013 የተወለደችው ሚጣም ሌሊቱን ስትስል ታድር ነበር። ያን ጊዜ እኔ ምን እንዳልሁ ታስታውሻለሽ። «ይህ ልጅ የሚያድግበት ቤት አይደለም፤ ይፍረስና በብሎኬት ይሠራ» አልሁ። አንቺ ደግሞ «ቤቱ ምንም አልሆነም፤ ያፈነው ልስኑ ነው» ብለሽ መለስሽልኝ፤ እኔም ገንዘቤን እንደናቅሽብኝ ቆጥሬ ተቀየምሁሽ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት በክልሉ ሲቋረጥ፣ ያ ቅያሜ ሳይፈታ የሚጣን ፊት ሳላይ ወራት አለፉ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

የሚገርመው ነገር ስለ ኖራ ከአባባ አፍ መቶ ጊዜ የሰማሁ ልጅ መሆኔ ነው። አባባ በወጣትነታቸው በፋሲል ግቢ ጥገና ላይ ድንጋይ ያቀበሉ ሰው ነበሩ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ግንቦቹን በሲሚንቶ ጠጋግኖ እንደ ሄደ፣ በኋላም በዩኔስኮ ድጋፍ በተደረገው ጥገና ያ ሲሚንቶ እየተነሣ በኖራ እንደ ተተካ፣ ማታ ማታ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩን እኔ እንቅልፌ ይመጣ ነበር። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ክረምት ከመሬት የጠጣውን ውሃ በጋ በፊቱ በኩል ይተነፍሰዋል፤ በሲሚንቶ ሲሸፈን ግን መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ፍራሹና ወደ ልጁ ደረት ይደርሳል። እንግዲህ ቤቱን ያሳመምሁት ራሴ ነኝ፤ ታመመ ብዬም ሞት የፈረድሁበት ራሴ ነኝ።

የከተራ ዕለት ማታ የሆነውን ልንገርሽ። ለቀሃ ኢየሱስና ለጥምቀተ ባሕሩ ቅርብ በመሆናችን እንደ ልማዱ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር፤ ቆጥሬአችኋለሁ፣ 19 ሰው አድሯል። እኔ ከግድግዳው ጥግ ደርሶኝ፣ የካህናቱ ዝማሬ ከሩቅ እየተሰማኝ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍሁ። ደረቅ ነበር። ሲሚንቶውን አስፈቅፍቀሽ በኖራ ማስለሰንሽን አልነገርሽኝም፤ ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ለመንገር ክብርሽ ስላልፈቀደ ይመስለኛል፤ ልክ ነሽ።

በማግሥቱ ደግሞ ሚጣን አየኋት። ከእማዬ ጉልበት ወደ አክስታችን፣ ከአክስታችን ወደ ጎረቤታችን እትዬ እየተሻገረች ስትውል፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ልጅቱ የት ናት?» የሚል ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃላ። ቡና ሲፈላ የፈንድሻውን ሳህን ይዛ መጀመሪያ ለትልቁ ሰው፣ ቀጥሎ ለእንግዳው ስታዞር፣ ማን እንዳስተማራት ብጠይቅሽ ትከሻሽን ነቅንቀሽ ዝም አልሽ። የእኔ ልጅ 6 ዓመቱ ነው፤ ከጓደኛው ጋር ለመጫወት በወላጆች በኩል ቀጠሮ ይያዝለታል።

ይህን የምጽፈው ያለሁበትን አገር ለመውቀስ አይደለም። እዚህ ለአንድ ልጅ ወላጆች የሚካፈሉት 480 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ አለ፤ በዚያ ምክንያት ልጄን ለወራት ታቅፌ ውያለሁ፤ አባባ ይህን ዕድል አላገኙም። ልጅ መምታትም ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። እኛ በዚያ ቤት በርበሬ ታጥነን ያደግን ልጆች ነንና፣ ቤቱን ከነጉዱ ነው የምወደው። ሚጣ ሲኒውን ስትሰብረው የእማዬ እጅ ወደ ላይ ሄዶ መሃል መንገድ ላይ ቆመ፤ «እናትሽ ከልክላኛለች» ብላ እጇን ስትመልስ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልሁም። ያለ ሕግም ያለ ዳኛም ያንን ማስከበርሽ ያስቀናኛል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ «ተመስገን» ትያለሽ፤ ውሃ በፈረቃው ሲመጣም «ተመስገን» ትያለሽ። እኔ ይህን ቃል ምርጫ ያጣ ሰው የሚጽናናበት ቃል አድርጌ እቆጥረው ነበር። አንቺ ግን ምርጫ ቀርቦልሽ ነበር፤ ብሎኬቱን ልገዛልሽ ገንዘቡን ይዤ እየለመንሁሽ አልቀበልም ያልሽው ምን እንዳለሽ ስለምታውቂ ነው። ለልጅሽም ለእማዬም ለእኔም ያንን ቤት ስላቆየሽልን አመሰግንሻለሁ። ስለ ተቀየምሁሽም ይቅርታ አድርጊልኝ።

ለብሎኬቱ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ። በቅድሚያ ትልቅ ሮቶ ግዥበት፤ እማዬ በዚህ ዕድሜዋ ጀሪካን ማንሣቷ ይብቃ። ቀጥሎ የማድቤቱ ቆርቆሮ ይቀየር። በቀረው ደግሞ ሲሚንቶው ያልተነሣለት የጓዳው ግድግዳ በኖራ ይለሰን። ኖራው በውሃ ተነክሮ ለሳምንታት እንዲያርፍ ከአሁኑ ብታስጀምሪው፣ ሥራው ከፋሲካ በኋላ ተጀምሮ ሰኔ ሳይገባ ያልቃል። አናጺም ግንበኛም አንቺ ምረጪ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ትእዛዝ ማስተላለፉን ትቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከጓዳው በር በስተግራ ሚጣ በከሰል የሣለችው፣ አምስት እግር ያለው በሬ አለ። ያለበት ቦታ ከአባባ ኖራ የተረፈው ቁራጭ ላይ ስለሆነ ግንበኛው ሲደርስ እርሱን አልፎት ይሂድ።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ።

አክባሪ ወንድምሽ