ጣሪያው ወድቋል፤ የቤቱን አድራሻ ግን አሁንም አንናገርም

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትገኙ የእድር ቤተሰቦች በሙሉ፤

ባለፈው ጥር በረዶው መቅለጥ በጀመረ በሦስተኛው ሌሊት ከትዳር ጥቃት ሸሽተው የመጡ እህቶቻችን ማረፊያ ቤት ጣሪያ ተሰንጥቆ የአንዱ ክፍል ኮርኒስ ወድቋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ውኃው የወረደው ግን የእህቶቻችን የመኖሪያ ፈቃድ አቤቱታ ሰነዶች በሚቀመጡበት ክፍል ነው። ጠዋት ስንደርስ አንዲት የሁለት ልጆች እናት የሠርግ ፎቶግራፎቿን በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቅላ አገኘናት። አንዱ ፎቶ ከቤት ኪራይ ውሉ ጋር ተጣብቆባት፣ በጸጉር ማድረቂያ እያሞቀች በጥፍሯ ቀስ እያለች ትለያያቸው ነበር። የደበደባትን ሰው ፎቶ ምን ያደርግላታል የሚል ቢኖር፣ ሕጉ ስለሚጠይቃት ነው። ትዳሩ ለወረቀት ተብሎ የተፈጸመ አለመሆኑንና አብረው መኖራቸውን ማስረዳት ያለባት እሷ ናት።

በየስብሰባው «ባሏ በመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዋ ላይ ካልፈረመላት ምን ልታደርጉላት ነው?» የሚል ጥያቄ ስለማይጠፋ አንድ ጊዜ ደግመን እንናገር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 የወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው ሕግ፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ባሏ የሚበድላት ሚስት ያለ እሱ ፊርማ ራሷ አቤቱታ እንድታቀርብ ይፈቅድላታል። ለአቤቱታው ለመንግሥት የሚከፈል ገንዘብ የለም። የተፋታች ከሆነ ፍቺው ከበደሉ ጋር የተያያዘ ሆኖ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ማመልከት አለባት። የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ ይዛ የመጣችውም «ካልፈረምኩልሽ ትባረሪያለሽ» ስትባል የምትገባበት አታጣም፤ ካርዱን ቋሚ ለማድረግ ባልና ሚስት በጋራ የሚፈርሙትን ፊርማ የሚያስቀር ማመልከቻ አለ። ሕጉ ለወንዶችም ይሠራል። ዕድሜው ሃያ አንድ የሞላ ዜጋ ልጃቸው ለሚበድላቸው ወላጆችም ይሠራል፤ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ መጥተው ፓስፖርታቸው የተቆለፈባቸው እናት ወደ እኛ መጥተው እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

አሁን ወደሚያስቸግረን ነገር እንምጣ። ባለፈው ዓመት የጀመርነው መዋጮ ከግማሽ በላይ ሳይሄድ የቆመው «ቤቱን ሳታሳዩን፣ ሴቶቹን ሳናይ ምን አምነን እንስጥ?» በመባሉ ነው። ቅሬታው ይገባናል። ሰው የሠራውን ነገር ማየት ይፈልጋል። ነገር ግን የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት እንኳን የእነዚህን ሴቶች አቤቱታ ለሌላ ሰው እንዳይገልጡ እንዲሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የወጣ ሕግ ይከለክላቸዋል። መንግሥት የዘጋውን በር እኛ በቡና ላይ ልንከፍተው አንችልም።

ወጪውን ግን እናሳያለን። ባለፈው ዓመት ከወጣው 9,300 ዶላር ውስጥ 4,100ው ለሥነ ልቦና ባለሙያ ምርመራ ነው። ብዙ የተባለው ይኸኛው ነበር። ሕጉ ዱላን ብቻ ሳይሆን ከባድ ጭካኔንም ይቆጥራል፤ በሰውነት ላይ ያልወጣ ጠባሳ ደግሞ ያለ ባለሙያ ጽሑፍ በቀላሉ አይታይም። 3,000 ዶላር ለሁለት ወር የቤት ዕዳ፣ 1,560 ለሕክምና ምርመራና ለመጓጓዣ ሄዷል። የቀረው 640 ዶላር ለቁልፍ ነው። አዎ፣ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ቁልፍ ቀይረናል፤ ምክንያቱን ጠያቂዎቹ ራሳቸው ቢገምቱት ይሻላል። የአማርኛ ሰነዶችን የተረጎሙት አባሎቻችን ናቸው፤ አንድ ሳንቲም አልተከፈላቸውም። ጠበቆቹም በነፃ ነው የቆሙልን።

«ትዳር ታፈርሳላችሁ» የሚሉንም አሉ። ሽማግሌ ልከን ያስታረቅናቸው ቤቶች አሉ፤ ሽማግሌ በወጣ በሳምንቱ ተደብድባ የመጣችም አለች። የቤት ገመና አደባባይ አይውጣ የሚለውን አባባል እኛም ያደግንበት ነው፤ ግን ለማን ገመና እንደምንጠነቀቅ መጠየቅ ጀምረናል።

ኢንሹራንሱ ጣሪያው ያረጀ ነው ብሎ አልከፍልም ብሏል። የጥገናው ዋጋ 18,600 ዶላር ነው፤ እስከ ዛሬ በእጃችን ያለው 6,240 ነው። አሁን በላስቲክ ሸፍነነዋል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ። ሌላ ቤት እስኪያገኙ ይውጡ እንዳንል የሚሄዱበት የላቸውም። ከአቤቱታዋ ጋር የግሪን ካርድ ማመልከቻ ማስገባት ያልቻለች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ፈቃድ የምታገኘው አቤቱታው ሲጸድቅ ነው፤ ያ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

«እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለውን ቃል በየዓመቱ እንሰማዋለን። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ባለፈው ረመዳን ከሰደቃቸው ያካፈሉንን አልረሳንም። ከአሥር ዶላር ጀምሮ እንቀበላለን፤ ከእቁብ ዕጣችሁ ላይ ቀንሳችሁ ብትሰጡንም አናፍርም።

ቼክ የምትጽፉ በማኅበሩ ሙሉ ስም ጻፉ፤ በግለሰብ ስም የተጻፈ አንቀበልም። በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያው) የምትልኩ በአባልነት ደብተራችሁ ጀርባ ወደታተመው የማኅበሩ ኢሜይል ብቻ ላኩ። ጥሬ ገንዘብ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ መግቢያ ሁለት የኮሚቴ አባላት ባሉበት ይሰጣል፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

በማስታወሻው መስመር ላይ «ለጣሪያ» ብቻ ብላችሁ ጻፉ፤ ሌላ ቃል አትጨምሩ። አንዲት እህት ከጋራ ሒሳባቸው ሃያ ዶላር ልካ ለማን እንደሆነ በግልጽ በመጻፏ ባሏ አይቶባት ችግር ገጥሟታል። እንደገና እንላለን፦ በማኅበሩ ስም፣ በደብተሩ ጀርባ ባለው ኢሜይል፣ «ለጣሪያ»። ሠራተኞቹ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ ሥራ የሚጀምሩት ግማሹ ቀድሞ ከተከፈላቸው ነው።

የማረፊያ ቤቱ ኮሚቴ