ልጆቻችን ለዜብራ፣ እኛ ለመዋጮ፦ ለክፍለ ከተማችን ፖሊስ መምሪያ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኮማንደር፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ ድረስ ይዤ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ «መዝገብ ቤት ያስገቡ» አለችኝ። መዝገብ ቤቱ ወደ ጣቢያ መራኝ። ጣቢያው «ከላይ ትእዛዝ እየጠበቅን ነው» አለ። ከላይ ያሉት እርስዎ ስለሆኑ እንግዲህ ሕዝብ ፊት ያንብቡት።

ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ዜብራ ላይ ጠዋት ጠዋት ተማሪ ትራፊኮች ይቆማሉ። «የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ሥራ ነው» ብላችሁ በቀጠና ስብሰባ ላይ የጠየቃችሁን እናንተ ናችሁ። እሺ አልን። አንጸባራቂ ሰደርያውንና ፊሽካውን ወላጆች አዋጥተው ገዙ። «ቁም» የሚለውን ምልክት የሰፈራችን በያጅ በነፃ ሠራው።

ባለፈው የካቲት፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ምልክቱን ከፍ አድርጋ ትንንሾቹን ስታሻግር አንድ አይሱዙ መጣ። ክላክስ አደረገ እንጂ ፍሬን አልያዘም። ስፖኪዮው ክንዷን መትቶ ጣላት። ምልክቱን ጎማው ጨፈለቀው። ልጅቷ ብድግ ብላ መጀመሪያ ያደረገችው ምን መሰለዎት? ያስተማራችኋትን። እስክርቢቶ አውጥታ ታርጋውን ጻፈች። በደኅናው እጇ፣ በተመታው እጇ መዳፍ ላይ።

ሱቄ ከዜብራው ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉንም አይቻለሁ። ያዩ ሌሎችም አሉ። ከአባቷ ጋር ታርጋውንና ምስክሮቹን ይዘን ጣቢያ ሄድን። የመጀመሪያው መልስ «ልጅቷ ደኅና አይደለች እንዴ?» የሚል ነበር። ቀጥሎ «መርማሪው ለሥራ ወጥቷል» ተባልን። በመጨረሻ «ሕፃን የጻፈችው ታርጋ ማስረጃ አይሆንም» አሉን። ቆይ፣ ከባድ መኪና ለማስቆም ደርሳለች፣ ያልቆመላትን ለመናገር ሲሆን ግን ሕፃን ናት?

ዜብራ ላይ ቅድሚያ ለእግረኛ መሆኑን ለእርስዎ አልነግርዎትም። ቢያንስ ከደንብ ቁጥር 208/2003 ጀምሮ የተጻፈ ነገር ነው። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውንም በየስብሰባው በስላይድ የምታሳዩን እናንተው ናችሁ። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው ለቀልድ ብቻ አይመስለኝም።

ትራፊክ ፖሊስ የለም አልልም። አለ። ከዜብራው ዝቅ ብሎ መታጠፊያው ጋ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ተማሪው ሁሉ ክፍል ከገባ በኋላ። ቦሎና መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል። ይጠይቅ፣ ሥራው ነው። ግን ያንኑ ሰው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሃምሳ ሜትር ከፍ አድርጎ ማቆም ስንት በጀት ይጠይቃል?

በግንቦት ደግሞ የምስጋና ፕሮግራም አዘጋጅታችሁ ጠራችሁን። ለኮሚቴያችን የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ፎቶ ተነሣን፣ ለስላሳ ጠጣን። ልጅቷንም መድረክ ላይ አውጥታችሁ አስጨበጨባችሁላት። ጠጋ ብዬ የመዝገቡን ነገር ሳነሣብዎት «እሱን ቢሮ እናወራለን» አሉኝ። ቢሮው እስከ ዛሬ አልተከፈተልኝም።

ስታሠለጥኑን ነዋሪው ችግሩን ይለያል፣ ፖሊስ አብሮት ይፈታል ብላችሁን ነበር። እኛ ለየን። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ታርጋውን ሳይቀር ሰጠን። ለፍጥነት መቀነሻ ጉብታም ፊርማ አሰባስበን አስገባን። ከእናንተ በኩል የደረሰን ለአዲስ ሰደርያ መግዣ የመዋጮ ጥያቄ ነው።

የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ሾፌሩ ተጠርቶ ይጠየቅ። ጠዋት ልጆቹ አጠገብ ደንብ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ይቁም። ተማሪ ትራፊኮች የሚያመጡትን ታርጋ የሚቀበል፣ ተቀብሎም መልስ የሚሰጥ አንድ ኃላፊ ይመደብ።

እስከዚያው ወላጆች ተሰብስበን ወስነናል። ከሰኞ ጀምሮ ልጆቻችን ዜብራው ላይ አይቆሙም። ራሳችን ተራ ገብተን እናሻግራቸዋለን። የመዝገቡን ቁጥር ሊነግሩን ከፈለጉ ስልካችን የቀጠናው መዋጮ ዝርዝር ላይ አለ። ለመዋጮ ስትደውሉ አጥታችሁን አታውቁም።